ቢራውን አታዛውሩት፦ ከሦስት ጠመቃና ከአንድ ቀዶ ጥገና በኋላ የተማርኩት

ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ የጀመርኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ የጠመቃ ዕቃዎቹን በሙሉ ሰጠኝ። ከነክዳኑ አንድ ትልቅ ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ካርቦይ የሚሉት 19 ሊትር የሚይዝ አንገተ ጠባብ ትልቅ ጠርሙስ፣ ቱቦ፣ ቢራው ውስጥ ስኳር ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየው ሃይድሮሜትር የሚባል መለኪያ፣ እንዲሁም በእጅ የተጻፈ የአሠራር ወረቀት ነበረበት።

ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት አንድ መስመር ነበር። «በ7ኛው ቀን ወደ ካርቦይ አዛውር» ይላል። ያቺን መስመር ሳልጠይቅ ተከተልኳት። ሁለት ጠመቃ አበላሸችብኝ። በሦስተኛው ሆስፒታል አስገባችኝ። ይህን የምጽፈው አሁን በየቤታችሁ ባልዲ ገዝታችሁ ለምትጀምሩ ነው። የእኔ መንገድ የእናንተ እንዳይሆን።

መጀመሪያ ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ ለራስ የሚሆን ቢራ በቤት መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. በፈረሙት ሕግ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች የሚኖሩበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ግን አይቻልም። ሳዑዲና ኩዌት ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ አትሞክሩት። እዚያ መጠጥ መጥመቅ ያሳስራል።

ኤል የሚባለው ሞቅ ባለ ቦታ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላ የቢራ ዓይነት ነው። አገር ቤት የለመድናቸው ቢራዎች አብዛኞቹ ላገር ናቸው። እነሱ በቅዝቃዜ ቀስ ብለው ነው የሚፈሉት። ኤል ቶሎ ይደርሳል። ለጀማሪም ይቀላል። ወረቀቱ ላይ የነበረው «ሁለተኛ ፍላት» የሚባለው ሥራ ደግሞ እንዲህ ነው። ዋናው ፍላት ሲበርድ ቢራውን በቱቦ ከአተላው ላይ ቀድታችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ታዛውራላችሁ። እዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው ይባላል። ቢራው ይጠራል፤ ደግሞም ከሥር የተኛው እርሾ ሞቶ ጣዕሙን እንዳያበላሸው ይረዳል።

የመጀመሪያው ጠመቃዬ ቀላል ፔል ኤል፣ ማለትም ፈካ ያለ ቀለም ያለው ኤል ነበር። ሲጀመር ሃይድሮሜትሩ 1.052 አነበበ፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ ሲሄድ ይህ ቁጥር ይወርዳል። በሁለተኛው ቀን ኤርሎኩ፣ ክዳኑ ላይ ተሰክቶ ጋዙን በውሃ ውስጥ የሚያስወጣው አየር ግን የማያስገባው ዕቃ፣ ሌት ተቀን ይንቦጫረቅ ጀመር። ደስታዬን አልረሳውም። ልጆቼን እየጠራሁ አሳያቸው ነበር። በ6ኛው ቀን ድምፁ ቀነሰ። በ7ኛው ቀን ጸጥ አለ። በወረቀቱ መሠረት ወደ ካርቦይ አዛወርኩት።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። አልለካሁም። የኤርሎኩ አረፋ ቆመ ማለት ፍላቱ አለቀ ማለት መሰለኝ። እንዲያ አይደለም። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ጋዙ በጎን ይወጣል፤ ኤርሎኩም ዝም ይላል። ክፍሉ ሲሞቅ ደግሞ ፍላቱ ካለቀም በኋላ አረፋ ሊያወጣ ይችላል። ስኳሩ ማለቁን የሚነግራችሁ ሃይድሮሜትር ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ጠርሙስ ልቀዳው ስል ለካሁት። 1.022። ወደ 1.012 መውረድ ነበረበት። ቀመስኩት። አረንጓዴ ፖም አረንጓዴ ፖም ይላል። ከኋላው ደግሞ የቅቤ ጣዕም አለው። «ይሁን፣ በጠርሙስ ውስጥ ይስተካከላል» ብዬ ጋዝ እንዲይዝ 130 ግራም ስኳር ጨምሬ አሸግኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ሰማን። አንዱ ጠርሙስ ፈንድቷል። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። እኔ ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጌ፣ ጠርሙሶቹን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ አንድ በአንድ ወደ ፍሪጅ አስገባሁ። ሲቀዘቅዙ ግፊቱ ቀነሰ። እናንተም አንድ ጠርሙስ ከፈነዳባችሁ ሌሎቹን በባዶ እጅ አትንኩ። ያ ቁም ሳጥን የልጆቼ ጃኬቶች የሚሰቀሉበት ነው። ቀን ላይ ቢሆን ኖሮ ብዬ ማሰብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሥራውን ገና ያልጨረሰውን ቢራ ከእርሾው ነጥቄዋለሁ። አብዛኛው እርሾ ከሥር ከአተላው ጋር ቀረ። አብሮ የሄደው ጥቂት እርሾ ቤዝመንቱ ሲቀዘቅዝ አንቀላፋ። ጠርሙስ ውስጥ ስኳር ሲጨመርለትና ቤቱ ሲሞቅ ነቃ። የፖሙና የቅቤው ጣዕምም ከዚያው ነው የመጣው። እርሾ በፍላቱ መጀመሪያ የሚያወጣቸው ነገሮች ናቸው። ጊዜ ከተሰጠው መጨረሻ ላይ ራሱ መልሶ ያጸዳቸዋል። እኔ ግን ሊያጸዳ ሲል ከቤት አስወጣሁት።

ሁለተኛው ጠመቃ ለገና ነበር። አይፒኤ ጠመቅሁ። ሆፕ የበዛበት፣ መዓዛው ከሩቅ የሚጠራ። ሆፕን አንዳንዶቻችን ጌሾ እንለዋለን፤ ተክሉ ግን ሌላ ነው። መራራነትን መስጠቱ ነው የሚያመሳስላቸው። ከመጀመሪያው ስህተቴ ተምሬ በዚህኛው ለካሁ። በ10ኛው ቀን 1.012 ደርሷል። ቀመስኩት። ወርቅ የመሰለ ቢራ ነው። መዓዛው ብርቱካን ብርቱካን ይላል። በዚያው ባሸግኩት ኖሮ!

ግን ወረቀቱ አለ። «አዛውር።» አዛወርኩት። ቱቦው መጨረሻ ላይ አየር ሳበና ቢራው እየተንፎለፎለ ወረደ። አተላው ላይ ሦስት ሊትር ያህል ስለቀረ ካርቦዩ እስከ አንገቱ አልሞላም። ከላይ ባዶ ቦታ ቀረ። ባዶ ያልኩት አየር የሞላበት ነው። ባልዲው ውስጥ ሳለ ከቢራው በላይ የነበረው ፍላቱ ራሱ ያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ሳዛውረው ያንን መከላከያ ጥዬ መጣሁ። ፍላቱ ስላለቀ አዲስ ጋዝ የሚያወጣለት የለም።

የገና ዕለት ጠርሙሱን ስከፍት ወርቃማው ቢራ ሻይ መስሏል። የብርቱካኑ መዓዛ የለም። ዝናብ የነካው ካርቶን ይሸታል። እንግዶቻችን ጨዋ ናቸውና ዝም ብለው ጠጡ። እኔ ግን ዶሮ ወጡን እንኳ በደንብ አልበላሁም። አምስት ሳምንት የጠበቅሁት ነገር ነበር። ሆፕ የበዛበት ቢራ ለአየር ከሁሉም በላይ ስስ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ አይፒኤን ካለቀ በኋላ ከዕቃ ወደ ዕቃ አታመላልሱት።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን የጀመርኩትም ለእሱ ብዬ ነው።

ለፋሲካ ስታውት የሚባለውን ጥቁር ኤል ጠመቅሁ። ካርቦዩ ቤዝመንት ነው። ለማሸግ ወደ ላይ፣ ወደ ኩሽና ማውጣት ነበረብኝ። 19 ሊትር ቢራ ከነጠርሙሱ ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል። ውጪውን በሳሙና ውሃ አጥቤው ነበር። እጄም እርጥብ ነው። በነጠላ ጫማ ነኝ። አንገቱን በአንድ እጄ፣ ሥሩን በሌላው ይዤ ተነሣሁ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ አመለጠኝ። ሲወድቅ ልይዘው እጄን ሰደድኩ። ደመ ነፍስ ነው። ጠርሙሱ ሲሚንቶው ላይ ተሰበረ፤ እጄም ስባሪው ላይ አረፈ።

የግራ መዳፌ ተሰነጠቀ። ሁለት ጣቶቼን የሚያጥፈው ጅማት ተቆርጦ ነበር። የዚያኑ ሌሊት ቀዶ ጥገና አደረጉልኝ። ስድስት ሳምንት እጄ ታስሮ ቆየ። ከዚያ ጣቶቼን እንደ ሕፃን ማጠፍ እስክለምድ ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ። እንጀራዬ መኪና መንዳት ነው። ሁለት ወር ከግማሽ ሥራ ቆመ። ያን ጊዜ የቤት ኪራዩን ባለቤቴ ብቻዋን ነው የሸፈነችው። እኔ ማታ ማታ ያቺን ቀይ መስመር እያሰብኩ እተኛ ነበር። ለምንድነው ቢራው እዚያ ጠርሙስ ውስጥ የገባው? ምን ይጠቅመኛል ብዬ?

የመስታወት ካርቦይ ያላችሁ እባካችሁ ስሙኝ። በአንገቱ አታንሡት። አንገቱ ላይ የሚታሰረው እጀታ ባዶውን ለመያዝ ነው እንጂ ሙሉውን ለማንሣት አይደለም። የግድ ማንሣት ካለባችሁ የወተት ዕቃ የሚደረደርበት ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ ሳጥኑን በሁለት እጅ ያዙት፤ ወይም ከሥር የሚደግፍ ጠንካራ ማንገቻ ግዙ። እጃችሁ ደረቅ ይሁን። የተሸፈነ ጫማ አድርጉ። ትኩስ ውሃ አታፍሱበት፤ ይሰነጠቃል። ቢወድቅ ደግሞ ተዉት፣ ይውደቅ። ቢራ ነው።

እጄ ታስሮ በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው ነገሩ የተገለበጠው። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ጠላዋ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ስልክ ላይ «ምን ሆነህ ነው የተቆረጥከው?» ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት።

«ለምን ታገላብጠዋለህ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ከአተላው ልለየው ብዬ ነው።»

«ጠላ ከአተላው የሚለየው ሲቀዳ ነው። ጋኑን እየከፈትክ ካገላበጥከው ይሆመጥጥብሃል።»

«አንቺስ መጀመሪያ ጥንስስ፣ ቀጥሎ ድፍድፍ፣ ከዚያ ውሃ እያልሽ ሦስት ጊዜ ትነኪው የለም እንዴ?»

«እኔማ የምነካው የሚበላውን ይዤለት ነው። እንኩሮ ይዤ፣ ብቅል ይዤ። አንተ ባዶ እጅህን ሄደህ ምን ልታደርግለት ነው?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ረጅም ሰዓት አሰብኩበት። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ እሷ ያለችውን ነው የሚያብራራው። ጠላ ደረጃ በደረጃ የሚሄደው በየደረጃው ለእርሾው አዲስ ምግብ ስለሚጨመርለት ነው። እኔ «ሁለተኛ ፍላት» እያልኩ የጠራሁት ግን ፍላት እንኳ አልነበረም። ምንም የሚፈላ ነገር አልጨመርኩም። ቢራ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ አዛወርኩ፤ ከዚያ ተቀመጠ። በቃ።

የሞተው እርሾ ጉዳይስ? ያ ፍርሃት ከቢራ ፋብሪካ የመጣ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጋኑ ከቤት ይረዝማል። ከሥር የተኛው እርሾ ላይ የሚጫነው ክብደት ብዙ ነው። ሙቀትም ይጠራቀምበታል። እዚያ እርሾውን ቶሎ ማውጣት ትክክል ነው። ድሮ ለቤት ጠማቂ ይሸጥ የነበረው ደረቅ እርሾም ብዙ ጊዜ ያረጀና ደካማ ነበር። የዛሬው እንደዚያ አይደለም። 19 ሊትር ባልዲ ውስጥ ያለ ጤነኛ እርሾ ሦስትና አራት ሳምንት ምንም አይሆንም። እኔ በአንድ አጋጣሚ ስድስት ሳምንት ረስቼው ቀምሼዋለሁ። መጥፎ ጣዕም አላገኘሁበትም።

ቢሆንም በራሴ እጅ ማየት ፈለግሁ። እጄ ሲድን አንድ ፔል ኤል ጠምቄ ለሁለት ትናንሽ ባልዲዎች እኩል ከፈልኩት። እርሾው አንድ፣ ክፍሉ አንድ። የመጀመሪያውን ለ21 ቀን አልነካሁትም። ሁለተኛውን በ8ኛው ቀን በጥንቃቄ ወደ ሌላ የፕላስቲክ ዕቃ አዛወርኩት። መጨረሻ ላይ ሁለቱም 1.011 አነበቡ። ሁለቱንም ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆይቼ አሸግኳቸው። ብርጭቆ ላይ ሳያቸው ጥራታቸው አንድ ነው። ከጀርባቸው ጋዜጣ ይነበባል።

ከወር በኋላ ስድስት ጓደኞቼን ጠርቼ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ብርጭቆ ሰጠኋቸው። ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የትኛው እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አራቱ የተለየውን አገኙት። አራቱም ያልተዛወረው ይሻላል አሉ። ስድስት ሰው ጥናት አይባልም፤ አውቃለሁ። ለእኔ ግን በቂ ነበር። ማዛወሩ ለዓይን ምንም አልጨመረም። ከአፍ ግን ቀንሷል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ሁሉም ነገር እዚያው ባልዲ ውስጥ ያልቃል። ባልዲው 24 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ለአረፋው ቦታ አለው። ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ስታር ሳን በሚባል የጀርም ማጥፊያ ይነከራል። ልኩ ለ19 ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ደረቅ እርሾ እጠቀማለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሳፍኤል ዩኤስ-05። ሙቀቱን 19 ዲግሪ አካባቢ እይዛለሁ። ከአምስት ቀን በኋላ ባልዲውን ቀስ ብዬ ትንሽ ሞቅ ወዳለ ቦታ አስጠጋዋለሁ። እርሾው ሥራውን እንዲጨርስ ይረዳዋል። ከዚያ አልነካውም። ክዳኑን ከፍቶ ማየት ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ተዉት።

በ14ኛው ቀን እለካለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና እለካለሁ። ቁጥሩ ካልተለወጠና ጣዕሙ ንጹህ ከሆነ አልቋል። ቅቤ ቅቤ ካለኝ ሌላ ሳምንት እሰጠዋለሁ። የለካሁበትን ቢራ እጠጣዋለሁ እንጂ ወደ ባልዲው አልመልሰውም።

እንዲጠራ የምፈልግ ከሆነ ማዛወር ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው መፍትሔው። ባልዲውን በአሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ሁለት ቀን አቆየዋለሁ። እርሾው ራሱ ይተኛል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ቢራው ሲቀዘቅዝ ኤርሎኩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ አስቀድሜ ኤርሎኩን አውልቄ ቀዳዳ በሌለው ቡሽ እደፍነዋለሁ። ይበልጥ እንዲጠራ ስፈልግ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጄላቲን በግማሽ ኩባያ ውሃ እበጠብጣለሁ። ሳላፈላው እስከ 65 ዲግሪ አሞቄ በቀዘቀዘው ቢራ ላይ እጨምረዋለሁ። ጄላቲን ከእንስሳ የሚሠራ ስለሆነ በጾም ለሚጠጣ ቢራ አልጠቀምበትም። አንድ ሳምንት ጨምሬ ብጠብቅ ያለ እሱም ይጠራል።

«ስታሽግስ ታዛውረው የለም ወይ?» የሚለኝ አለ። አዎ፣ ለማሸግ ስኳሩ ወዳለበት ባልዲ እቀዳዋለሁ። ቱቦውን እስከ ታች አስገብቼ ሳላንቦጫርቅ ነው የምቀዳው። ግን ያ ቢራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታሽጎ ያልቃል። ጠርሙስ ውስጥ ስኳር ስላለ እርሾው እንደገና ይሠራል፤ የገባውንም ትንሽ አየር በከፊል ይጠቀምበታል። ካርቦይ ውስጥ ከተረሳ ቢራ ጋር አንድ አይደለም።

ማዛወር የሚገባበት ቦታ የለም እያልኩ አይደለም። ብዙ ወራት የሚቀመጥ ጠንካራ ቢራ፣ ከእንጨት ጋር የሚቆይ፣ ወይም ሆን ተብሎ እንዲሆመጥጥ የሚደረግ ከሆነ ከአተላው መለየቱ ያስኬዳል። ፍራፍሬ ስትጨምሩም ሁለተኛ ዕቃ መጠቀም ትችላላችሁ። ያኔ ፍራፍሬው ራሱ ስኳር ስላለው እውነትም ሁለተኛ ፍላት ይሆናል። እናቴ እንዳለችው የሚበላው ይዛችሁለት ሄዳችኋል። እንዲህ ስታደርጉ ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ እስከ አንገቱም ሙሉት። ለተለመደው ኤል ግን፣ ለፔል ኤልም ለስታውትም ለአይፒኤም፣ አንድ ባልዲ ይበቃል።

አተላውንም አልደፋውም። ቢራው ከተቀዳ በኋላ ከሥር የቀረውን በጸዳ ማሰሮ ውስጥ አስገብቼ፣ ክዳኑን ሳላጠብቅ ፍሪጅ ውስጥ አኖረዋለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጠመቅሁ ግማሹን ለሚቀጥለው ኤል እርሾ አድርጌ እጨምረዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የጠመቅሁት የተነሣው በእሱ ነው። ማታ ጨምሬው ጠዋት ስነሣ ኤርሎኩ ይንቦጫረቅ ነበር።